በግንቦት የለካሁት ሜዳ

ባለፈው ሳምንት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ቃሪያ ስሰነጥቅ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት የግቢዬን በር አንኳኳ። "እማማ፣ እሑድ ስብሰባ አለ። የሐይቁ ዳር ክፍት ቦታ አገልግሎቱ ሊለወጥ ስለታሰበ የነዋሪው ሐሳብ ይፈለጋል" ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተቀበልሁት። ካርታ ነው፤ ያውም ያማረ ካርታ። ሣሩ አረንጓዴ፣ ሐይቁ ሰማያዊ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ ቀጭን መስመር።

"ይሄን መስመር በየትኛው ወር ነው ያሰመራችሁት ልጄ?" አልሁት።

"ከሳተላይት ነው የተወሰደው እማማ።"

ሳተላይት ወር የለውም መሰለኝ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ላደክመው አልፈለግሁም፤ ወረቀቱን መቀበሌን ፈርሜ ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ ግን ቃሪያው እንዳለ ቀረ፤ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪመሽ ተቀመጥሁ። እንዲህ ያለ መስመር እኔም በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ሐይቅ ዳር፣ በገዛ እጄ አስምሬ አውቃለሁ። ቤተሰቤን ሊያስርብብኝ፣ የአንድ ሰፈርን ሰው ደግሞ ሜዳውን ሊያሳጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ንድፍ ሥራ ተምሬ እንደወጣሁ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሙከራ ቀጠረኝ። ያኔ ካርታ የሚሠራው በእጅ ነው፤ በስስ ወረቀት ላይ፣ በጥቁር ቀለም። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ቀስ ተብሎ ይፋቃል፤ ምላጩ ትንሽ ከጠለቀ ወረቀቱ ይቀደድና የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል። እኔ እጄ የማይንቀጠቀጥ ስለነበር ያደንቁኝ ነበር፤ አድናቆቱም ትንሽ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ልደብቀው አልችልም።

አባቴ ከሐረር የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በዚያ ዓመት ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። ከእኔ በታች አራት ልጆች አሉ። ስለዚህ የቤቱ እንጀራ በእኔ የሙከራ ደሞዝ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሙከራው የሚያበቃው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ነው። እናቴ በየማታው "ሮማንዬ፣ ዛሬስ አለቃሽ ፊቱ እንዴት ነበር?" እያለች ትጠይቀኛለች። የአለቃዬ የጓድ ሰይፉ ፊት በቤታችን እንደ አየር ሁኔታ ዘገባ ይጠበቅ ነበር።

አንድ ነገር ልናገር። ባሕር ዳር ባድግም የሐይቅ ልጅ አልነበርሁም። እኛ የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ነን፤ ሐይቁን የምናውቀው እሑድ እሑድ የታጠበ ልብስ ለብሰን ለሽርሽር ስንሄድ ነው። በዘንባባው ጥላ ሥር ተቀምጠን ማንጎ እየመጠጥን ውኃውን ከሩቅ እናየዋለን፤ ከዚያ ወደ ቤታችን። ሐይቅ እንደሚያድግና እንደሚቀንስ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

በግንቦት ጓድ ሰይፉ ጠራኝና አንድ ሜዳ እንድለካ አዘዘኝ። ሜዳው ከሐይቁ ጋር የሚገናኝ፣ በላይ በኩል ትልልቅ የሾላ ዛፎች ያሉበት ሰፊ ቦታ ነው። ለትልቅ የእህል መጋዘን ታስቦ ነበር። ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ሜትር እየጎተትን ሁለት ቀን ለካን። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ቀትር ላይ ሾላው ሥር እትዬ ብርነሽ የምትባል ባልቴት ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን አሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ከጥብሱ ጋር ሎሚና ሚጥሚጣ፤ አጥንቱን ለድመት መጣል ነው። ያን አሳ በልተን ውኃ ጠጥተን ወደ ሜትራችን እንመለሳለን። ከሾላው እስከ ውኃው ጠርዝ መቶ ሃያ ሜትር ሆነ። ቢሮ ገብቼ የሐይቁን ዳር በወፍራም መስመር አሰመርሁ፤ በመካከሉም በቆንጆ እጅ ጽሑፌ "ባዶ ቦታ" ብዬ ጻፍሁ።

ያ ባዶ ያልሁት ቦታ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ከደሴቶቹና ከማዶ ከቁንዝላ የሚመጡ ታንኳዎች የሚያርፉበት ነው። ታንኳ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ስለሚሠራ ከጉዞ በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ የሚደርቀው እዚያ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ብርድ ልብስ የሚያሰጡበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚቀበሉበት ነው። በጥምቀት ደግሞ ታቦታቱ የሚያድሩበት ነው፤ ይሄን የመጨረሻውን ግን በዚያ ዘመን በስብሰባ ላይ አፍ ሞልቶ የሚናገር አልነበረም።

በሰኔ መጀመሪያ እሑድ ጠዋት የቀበሌው ነዋሪ ተጠራ። መፈክሩ ተሰምቶ፣ ግራ እጅ ተነሥቶ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ዕቅዱን አስረዳ። ሰው ተንጫጫ። መጀመሪያ የተነሣችው እትዬ ብርነሽ ናት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ። ግን እዚያ ሜዳ ላይ ቤት አይሠራም፤ ውኃ ይገባበታል። ልጆቻችንስ የት ይዋሉ? ታንኳው የት ይድረቅ?"

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። "ባለሙያዋ እዚህ አለች። ጓድ ሮማን፣ ውኃው ስንት ሜትር ይርቃል?"

ተነሣሁ። "መቶ ሃያ ሜትር። ልኩ በሙያው ትክክል ነው" አልሁና ተቀመጥሁ። እትዬ ብርነሽ አየችኝ። ከሳምንት በፊት ከአሳው ጋር ሎሚ የመረቀችልኝ ሴት ናት። ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ዛሬም ድረስ ያን አስተያየቷን ሳስታውስ ፊቴ ይግላል። ጩኸቱ ስላልበረደ ውሳኔው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ።

ከአዳራሹ ስወጣ አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ቀጭን ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ በሐይቁ ላይ ካሉት ደብሮች በአንዱ የሚያስተምሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ የኔታ እያለ የሚጠራቸው። ከቅዳሴ በቀጥታ መምጣታቸው ስለነበር ገና እህል አልቀመሱም።

"ልጄ፣ ካልደከመሽ ሜዳውን አብረን እንየው" አሉኝ።

እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ሾላዎቹ ጋ ስንደርስ በመቋሚያቸው አንዱን ግንድ አሳዩኝ። ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚለይበት፣ የደረቀ ደንገልና የውኃ አረም ተጠምጥሞ ተንጠልጥሏል። ሁለት ቀን ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ አሳ በልቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ቀና ብዬ አላየሁትም። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሣሩን ሥር ጫር ጫር አደረጉና ከአፈሩ ውስጥ የቀንድ አውጣ ዛጎል አወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ይሄ ምን ይመስልሻል?"

"ዛጎል ነው የኔታ። የሐይቅ።"

"በየትኛው ወር ለካሽው?"

"በግንቦት።"

"በግንቦት ሐይቁ ሄዷል፤ በመስከረም ይመለሳል። አንቺ የለካሽው እሱ በሌለበት ቤቱን ነው።"

ዛጎሉን እንደጨበጥሁ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። እንዳለቅስ ፈርተው ይሁን አላውቅም፣ እሳቸውም ኩታቸውን ሰብስበው ከጎኔ ተቀመጡ። ስለ አባቴ፣ ስለ ልጆቹ፣ ሰኔ መጨረሻ ስለሚያልቀው ሙከራ ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው። ካርታው ተፈርሞበታል። ተሳስቻለሁ ብል እባረራለሁ። ዝም ብዬ ባልፍ ደግሞ ሜዳው ይታጠራል።

የኔታ እስክጨርስ ሰሙኝ። በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ "ልለምንሽ አላመጣሁሽም። እንጀራሽን እንድትጥይ አልፈቅድም ልጄ፣ እኔም የሰው አባት ነኝ። ብቻ የኛን ቤት ሥርዓት ልንገርሽ። ዲያቆን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሲያነብ ከተሳሳተ፣ ከምእመኑ መካከል የሚያውቅ ሰው ድምፁን አሰምቶ ያርመዋል። እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት። ዲያቆኑ ይመለስና አስተካክሎ ይደግመዋል፣ ከዚያ ንባቡን ይቀጥላል። ማንም አይስቅበትም፣ ማንም ነገ አያነሣበትም። እኔ በልጅነቴ ስንቴ ታርሜያለሁ መሰለሽ! ነውር የሚሆነው እርማቱን እየሰማ እንዳልሰማ ሲያልፍ ነው።"

በማግስቱ ጓድ ሰይፉ ቢሮ ገባሁ። ልኩ በበጋ የተወሰደ ስለሆነ በመስከረም ቢደገም ይሻላል ብዬ፣ ቃላቱን አሥር ጊዜ አጥቤና አስጥቼ ተናገርሁ። ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ሙከራሽ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለኝ። አልተቆጣም፤ ድምፁንም አላነሣም። "በወሩ መጨረሻ" አልሁት። "እንግዲያው በቀጠሮው እሑድ የሜዳውን መግለጫ አንቺ ታነቢዋለሽ" አለና አሰናበተኝ።

የተቀጠረው እሑድ ደረሰ። አዳራሹ በር ድረስ ሞልቷል። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ የእርጥብ ጋቢ ሽታ ያፍናል። እውነቱን ልናገርና፣ የወሰንሁት ነገር አልነበረም። ጠዋት ከቤት ስወጣ አባቴ ከአልጋው ሆኖ "በርቺ ልጄ" ብሎኛል። ትንሿ እህቴ ያረጀ ጫማዬን ጠርጋልኛለች። እነሱን እያሰብሁ፣ የተጻፈውን እንዳለ አንብቤ ልወርድ ነበር የመጣሁት።

መድረኩ ላይ ወጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። "ቦታው ከሾላ ዛፎቹ እስከ ሐይቁ ጠርዝ መቶ ሃያ ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ ሲሆን..."

"በግንቦት!"

ድምፁ ከኋላ ነው የመጣው። የኔታ ከበሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ቁጣ የለበትም፤ ልክ በመቅደስ ንባብ እንደሚታረመው አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

ሊቀመንበሩ ከመቀመጫው ተነሣ። "የኔታ! ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!"

"አውቃለሁ ጓድ ሊቀመንበር፤ ንባብ ግን ንባብ ነው" አሉ የኔታ።

ሁሉም ሰው እኔን ያያል። ጓድ ሰይፉ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ "ቀጥይ" የሚል ምልክት ሰጠኝ። መቀጠል እችል ነበር። አንድ ቃል ዘልሎ ማለፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከመጀመሪያው ደገምሁት። "ቦታው በግንቦት ከሾላ ዛፎቹ እስከ ሐይቁ ጠርዝ መቶ ሃያ ሜትር ርዝመት አለው።"

"በመስከረምሳ?" አለች እትዬ ብርነሽ ከሴቶቹ መካከል።

"በመስከረም ውኃ ነው" አልሁ። "እኔ አላውቅም ነበር። ተሳስቻለሁ።"

ድጋፍ ሲጠየቅ አንድም እጅ አልተነሣም። እንዲያ ያለ ነገር በዚያ ዘመን አይቼ አላውቅም። ማንም አልተቃወመም፣ ማንም መፈክር አላሰማም፤ ብቻ አምስት መቶ የሚሆን እጅ ጋቢና ነጠላ ውስጥ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ወዲያ ወዲህ አየ፤ ተናደደ፤ በመጨረሻም ልኩ በመስከረም እንዲደገም ብሎ ስብሰባውን በተነ። እኔ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ጉዳዬ እስኪጣራ ያለ ደሞዝ ከሥራ ታግጃለሁ።

ክረምቱ ገባ። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ የአለቃዬን ፊት መጠየቅ ብቻ አቆመች። እሱ ነበር የከበደኝ። ያለንን ጤፍ ከማሽላ እየቀላቀለች፣ ማሽላውንም እያቀጠነች ሳምንት ገፋን። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በር ስከፍት፣ መቃኑ ላይ በደንገል ክር የተወጉ አራት ቆሮሶዎች ተንጠልጥለው አገኘሁ። ገና ይንጠባጠባሉ። ወጥቼ ብመለከት መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ጭቃው ላይ የባዶ እግር ዱካ ብቻ።

እናቴ የሐረር ሰው ናት፤ አሳ ቤቷ ገብቶ አያውቅም። "ምነው እንዲህ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል?" ብላ ጎረቤት ጠርታ ነው ቅርፊቱን ያስፋቀችው። በሁለተኛው ቅዳሜ አምባዛ መጣ፤ እሱማ ጢም ስላለው ጭራሽ አስደነገጣት። በሦስተኛው ራሷ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ወጥ ሠራችው፤ በአራተኛው ደግሞ እየበለተች ታንጎራጉር ነበር። ከአሳው ጋር አንዳንዴ ሎሚ፣ አንዳንዴ የበርበሬ ቋጠሮ፣ አንድ ጊዜም የአባቴን ሳል ያስታግሣል ተብሎ በቅጠል የተጠቀለለ ማር ይመጣል። ፍልሰታ ሲገባ አሳው ቆመ። ደነገጥን፤ ረሱን አልን። በዚያው ቅዳሜ በሩ ላይ ጎመንና የሽምብራ ዱቄት ተቀምጦ አገኘን። የሚያመጣው ሰው ለካ ጾሙንም አብሮን ይጾማል።

በመስከረም ጓድ ሰይፉ አስጠራኝ። ሜዳው ላይ ደረስን፤ ሜዳው ግን አልነበረም። ሾላዎቹ ውኃ ውስጥ ቆመዋል። ሜትሩን ይዤ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፤ ዋናው መጋዘን ብዬ ከሳልሁበት ቦታ ስደርስ ውኃው ወገቤን አለፈ። አለቃዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ተከተለኝ።

"በሩ የት ጋ ነበር?" አለኝ።

"እዚህ፣ እርስዎ የቆሙበት።"

እግሩ ሥር ያለውን ውኃ አየና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "እህሉን ለአሳ ልናበላው ነበር" አለ። መጋዘኑ ወደ ላይ፣ ወደ ዋናው መንገድ ተዛወረ። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስሁ፤ ሦስት ወር ሙከራ ተጨምሮብኝ ቋሚ ሆንሁ። ያሳደጉኝ ቤተሰቦቼንም፣ በኋላ ልጆቼንም በዚያ ሥራ አኖርሁ። ሜዳው ጥቅምት ላይ ከውኃው ሲወጣ ሣሩ ከወትሮው የበለጠ ለምልሞ ነበር፤ ወይም ለኔ እንዲያ መሰለኝ።

አሳውን ማን ያመጣ እንደነበር ለብዙ ዓመት አላወቅሁም። የኔታን ደፍሬ ብጠይቃቸው "እኔ አሳ አጥማጅ ነኝ እንዴ?" ብለው አሾፉብኝ። እውነቱን የሰማሁት በለቅሷቸው ነው። ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ብርነሽ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እንባዋን እየጠረገች "ሰሙነኛ እኮ አበጅተውላችሁ ነበር" አለችኝ። ሰሙነኛ በቤተ ክርስቲያን ሳምንቱን ተራ ይዞ የሚያገለግል ካህን ነው። የኔታ በዚያው ሥርዓት ሰፈሩን በተራ መድበውታል፤ አንዱን ሳምንት ታንኳ ቀዛፊዎቹ፣ አንዱን የፋብሪካ ሴቶች፣ አንዱን እሷ ራሷ። "አንዱን ደግሞ የሊቀመንበሩ ሚስት" አለችና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። "ማሩን ያመጣችው እሷ ናት። ባሏ ሳያውቅ እንዳይመስልሽ።"

እሑድ ወደ ስብሰባው እሄዳለሁ። ምን እንደሚወሰን አላውቅም፤ ወጣቱ ልጅም እንደኔው በሙከራ ላይ ያለ ይሆናል፣ አላሳፍረውም፣ አልጮህበትም። ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሳወራ ሲሰሙ "ደፋር ነበርሽ" ይሉኛል። አልነበርሁም። ያን መድረክ የወጣሁት ለማለፍ ነው፤ ያስቆመኝ ሰው ስለነበረ ቆምሁ። ይልቅ እኔ ስቆጥረው የሚገርመኝ ሌላ ነው። አሳው መምጣት የጀመረው በክረምቱ መግቢያ ነው፤ ሜዳው የተረፈው በመስከረም ነው። በነዚያ ወራት ሁሉ ሰፈሩ ሜዳውን ያሳጣሁት እኔ ልሁን ያዳንሁት እኔ ልሁን ገና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያበላን ሳያውቅ ነው።